ሰላዌ

ሙልያቲ ቀናተኛ ናት፤ ይህን ጃዋ ውስጥ፣ ሶሎ ከተማ ያለው ሰፈርተኛዋ ሁሉ ያውቃል፣ እሷም አትክድም። ባሏ ዳርሶኖ ባታም ደሴት ላይ መርከብ በሚሠራበት ቦታ በያጅ ነው፤ ቤቱ የሚመጣው ለዒድ ብቻ ነው። «ባሏ ባሕር ማዶ ሆኖ የማትቀና ሴት ካለች፣ ወይ አትወደውም ወይ ትዋሻለች» ትላለች ሙልያቲ፣ የሰው ሸሚዝ እየሰፋች።

የስልኳን መልእክት መላላኪያም የመረጠችው ከቅናቷ የተነሳ ነው። ስልክ ሻጩ «መልእክቱን የሚከፍተው ቁልፍ ያለው በሁለታችሁ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው፤ ኩባንያው ራሱ እንኳ ሊከፍተው አይችልም። ሦስተኛ ሰው አይገባም» ሲላት ልቧ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወዲህ በአፏ የማትደፍረውን ሁሉ ለባሏ ትጽፍለት ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታዲያ ስልኳ ላይ «ከዳርሶኖ ጋር ያለሽ የደህንነት ቁጥር ተቀይሯል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።  ቁጥሩ የሚቀየረው ቁልፉ ሲቀየር ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ወይ አዲስ ስልክ ሲገዛ ወይ ሌላ ሰው መሃል ሲገባ ይቀየራል። ለሙልያቲ «ሌላ ሰው» ማለት ቀሚስ የለበሰ ነው። ደወለች።

«ማስ» አለች፣ የጃዋ ሴት ባሏን እንደምትጠራው፤ «ቁልፋችን ለምን ተቀየረ?»

«ስልኬ ባሕር ገባ እቴ። አዲስ ገዛሁ፤ ቁልፉም ከአሮጌው ጋር ሰጠመ።»

«አሃ፣ ባሕር ገባ! በል ቁጥሩን እናመሳክር። ከእኔው ጋር ከገጠመ አንተው ነህ፤ ካልገጠመ እንተያያለን!»

«ዛሬ እንኳ ይቅር…»

«ዛሬ! አሁን!»

ዳርሶኖ ቁጥሩን ጥንድ ጥንድ እያደረገ በጃዋኛ ያነብ ጀመር፤ እሷ በጣቷ ትከተላለች። ይገጥማል። ብቻ በየመሃሉ ዝም ይላል። ሲያነብ ሲያነብ ቆይቶ «ዱዋ ፑሉ ሊማ» አለ።

ጣቷ ቆመ። ቁጥሩስ ልክ ነው፣ ሃያ አምስት። ግን የጃዋ ሰው ለሃያ አምስት ለብቻው ያወጣለት ስም አለ፤ ሰላዌ ይለዋል። ዱዋ ፑሉ ሊማ የኢንዶኔዥያኛው፣ የቢሮና የእንግዳ ሰው አነጋገር ነው። ዳርሶኖ ለእሷ ከሰላዌ ሌላ ብሎላት አያውቅም።

«ማናት የምትነግርህ?»

 በስልኩ ውስጥ የሴት ሹክሹክታ ሰማች፦ «ንገራት።»

«ሴት ናት! ሰማኋት! አንተ አስመሳይ፣ ቁልፌን ለማን ሰጠህብኝ?»

«ምግብ የምበላበት ቤት ባለቤት ናት፤ ቲኡርማ ትባላለች፣ የጃዋ ሰው አይደለችም» አለ ዳርሶኖ። «ዓይኔ ነው፣ እቴ። የብየዳው እሳት በላው። ከዒድ ከተመለስኩ ወዲህ ጽሑፍ አይታየኝም። ስልኩም የወደቀው የመርከቡን ጠርዝ ስላላየሁት ነው።»

 «እኔ የምጽፍልህንስ?»

«እሷ ታነብልኛለች።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ፊቷ ነደደ። ያን ሁሉ የጓዳ ወሬ ባዕድ ሴት በአፏ አውጥታዋለች። ግን ምነው ውሽማው በሆነች! ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችውን ነገር አሁን ተመኘችው፤ ውሽማ ብትሆን መጣላት ይቻላል።

«ስልኩን ስጣት» አለች። ሴትዮዋ ስትቀበል ሙልያቲ ድምጿን ሰብሰብ አደረገች። «እህቴ፣ ባሌን ነገ መርከብ አሳፍሪልኝ። እስኪመጣ አንቺው አንብቢለት፣ ምን ይደረግ። ግን ሃያ አምስት ላይ ስትደርሺ ሰላዌ በይው።»