ፍሬኑን የሚጨብጥ እጅ

አባ ፍሬን ይሉታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ከፍሬን ሌላ ነገር ነክቶ አያውቅምና። ጡረታ ሲወጣ ቤት መዋል እሾህ ሆነበት። አሮጌ ብስክሌት ገዛ፣ ከተበላሸ የውሃ ፓምፕ ላይ ሞተር ፈታ፣ ሁለቱን ጓሮ ውስጥ ሲያጋባ ሦስት ወር ፈጀ። ራቅ ወዳሉት ሰፈሮች በራሱ እየሄደ የሰው መኪና ሊጠግን፣ ማንንም አድርሰኝ ሳይል ሊኖር ነው ሐሳቡ። ሞተሩ ተነሣ፣ ሰንሰለቱም ዞረ። የቀረው ፍሬን ብቻ ነበር፤ ፍሬን ደግሞ ለእሱ የእናቱ ልጅ ነው።

ግን እዚያ ላይ ተገተረ። የድሮ ባልደረባው፣ የመለዋወጫ ሻጩ፣ ቸርኬውን በላስቲክ የሚነክሰውንና በዲስክ የሚይዘውን አቀረበለት። ላስቲኩ በዝናብ ያንሸራትታል አለ አባ ፍሬን። ዲስኩ ለዚህ ቀጭን ብረት ይከብዳል አለ። በእግር የሚረገጥ የኋላ ፍሬን ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ሻጩ ሳቀ፤ የኋላ ፍሬን ብቻውን እንደማይበቃ ለጋራዡ ሰው ሁሉ ያስተማረው ማን ሆነና። አባ ፍሬን ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ሊወጣ ሲል ግን ሻጩን ነገሩ አላማረውም። የፍሬኑን መጨበጫ መዳፉ ላይ አኖረለት።

"እስቲ ጨብጠው።"

ጨበጠ። ጣቶቹ ግማሽ መንገድ ሄደው ቀሩ። ደም ሥሩ ተገታተረ፣ ግንባሩ አላበው፤ መጨበጫው ግን ወይ ፍንክች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ ሻጩ።

"ከርሟል" አለ አባ ፍሬን፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ። "ለእሷ እንዳትነግርብኝ።"

እሷ ያላት ሚስቱን ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ትቶ ባንገት የሚጠለቅ ሹራብ ሲያዘወትር ልብስ ሰፊ ሚስት አታውቅም ማለት ዘበት ነው። ዝም ያለችው እንዳያፍርባት ብላ ነበር።

የዚያን ቀን ዲስኩን ገዝቶ ገባ። እሱ እያሳየ፣ እሷ ብሎን እያጠበቀች ሲገጥሙ ዋሉ። ሲያበቁ እጅሽን አምጪ አላትና መጨበጫውን በእሷ ጣቶች ልክ አስተካከለው። ለምን በራሱ እጅ እንዳልለካው አልጠየቀችውም።

በማግስቱ ጠዋት ከቤታቸው በላይ ያለው ዳገት ላይ ወጡ። በጋራዡ ሕግ ፍሬን የሠራ ሰው ቁልቁለቱን ቀድሞ የሚወርደው ራሱ ነው፤ በገዛ ሥራህ የሌላ ሰው ነፍስ አትሞክርም። አባ ፍሬን ይህን ሕግ አንድም ቀን አፍርሶ አያውቅም። ኮርቻው ላይ ወጣ፣ ጨበጠ፣ ደግሞም ጨበጠ። ቆይቶ ወረደና መሪውን ሰጣት።

"ታች እጠብቅሻለሁ" አለ።

ቁልቁለቱን በእግሩ ወረደ። ከግርጌው መንገዱ መሐል ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ቆመ፤ ፍሬኑ እምቢ ቢል በደረቱ ሊያቆማት ነው። ዞር በል እያለች ከላይ ብትጣራም ንቅንቅ አላለም። ወዲያ ወዲህ ብትል የማይሆን ሆነባትና ብስክሌቱን ቁልቁል ለቀቀችው። መሐል ላይ ስትጨብጥ ብስክሌቱ ፍጥነቱን ዋጠ፣ እሱ ዘንድ ሊደርስ ሦስት እርምጃ ሲቀረውም ቆመ።

አባ ፍሬን የዘረጋቸውን እጆች ማጠፍ ረስቶ እዚያው እንደ ቆመ አለቀሰ።

"ይይዛል" አላት። "በቃ፣ ያንቺ ነው።"