እናቴ የቆመችበት ማኅበር

እናቴ ሎኮ የማኅበሩን ጠላ ጠምቃ፣ ድፎውን ደፍታ፣ በገዛ ቤቷ ቆማ እንድታስተናግድ ተፈረደባት፤ ገና ጡት የጣለው ወንድሜ ግን የአባታችን በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ይህ ግፍ ነበር። ያኔ ማንም ግፍ ብሎ ስላልጠራው እኔ ጽፌ ላስቀምጠው።

ያነሳሳችኝ የልጅ ልጄ ናት። ባለፈው ወር እዚሁ ነገሌ እሷ ቤት የጽዋ ማኅበር ነበር። አባሏ እሷ ናት። ሆኖም ባሏ ከእንግዶቹ መሀል ተደላድሎ ተቀምጧል፣ እሷ ማንቆርቆሪያ ይዛ ትዞራለች። አትቀመጪም ወይ ብላት፣ ቆይ እማማ፣ መጀመሪያ ሰዉ ይስተናገድ አለችኝ። የያዝኩትን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩት።

አባቴ ከሸዋ የመጣ፣ ከሜጋ ወገን ጨው እያመጣ ነገሌ ገበያ የሚቸረችር ሰው ነበር። እናቴ የዚሁ አገር ልጅ ናት። እሱን ስታገባ ክርስትና ተነሣች፤ ከዚያ ወዲህ ጾም በማጥበቅ እሱን በለጠችው። አማርኛዋ ግን እስከ መጨረሻው ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይል ነበር።

አባቴ በወባ ሲሞት የማኅበሩ ሰዎች መቃብሩን ቆፈሩ፣ አብረውን አለቀሱ። ይህን አልክድም። ከተዝካሩ በኋላ ግን ሙሴው፣ የማኅበሩ መሪ ማለት ነው፣ አቶ ወንድይራድ መጥተው ውሳኔውን ነገሯት። ተራው ይቀጥላል፣ ድግሱም እንደ ወትሮው ከእሷ ይጠበቃል፤ ቦታው ግን የወንድ ልጁ ነው፣ ከአሁኑ እየተቀመጠ ይልመድ። እናቴ "እሺ ጌታዬ" አለች። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩትም በዚያው ዓመት ነው። እሺ አላልኩም፤ የጠየቀኝም የለም።

ተራችን የደረሰው ዝናብ በጠፋበት ወር ነበር። ኩሬው ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ቀዩ አቧራ እህል ውስጥ ሳይቀር ይገባል። እኔና እናቴ ሳይነጋ አህያ ነድተን ለውሃ ወጥተን ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ እንመለሳለን። ስንዴው ከቦሬ በጭነት መኪና የመጣ ነበር፤ እናቴ ዱቄቱን በመዳፏ እየዘገነች ደጋ ደጋ ይሸታል ትል ነበር። ያ ጠላ በስንት ውሃ እንደተጠመቀ ወገቤ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ጽዋዋ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች የሸክላ ዋንጫ ናት። ወር ሙሉ በባለተራው ቤት ትከርምና በማኅበሩ ቀን ባለቤቱ አውጥቶ ለቄሱ ያቀርባታል፤ ያለ እሷ ጸሎት አይጀመርም፣ ዳቦም አይቆረስም። ወንዶቹ መደቡ ላይ ዙሪያውን ተቀመጡ። ወንድሜን በርጩማው ላይ ሰቀሉት፤ እግሩ መሬት አይነካም። እኔ ጽዋዋን ከመደርደሪያው አንስቼ ደረቴ ላይ አቀፍኳት።

"አምጪያት ልጄ" አሉ አቶ ወንድይራድ።

"ባለቤቷ ትስጣችሁ። ባለቤቷ ግን ቆማለች።"

"በማኅበራችን የሴት ወንበር የለም።"

"ታዲያ የሴት ጠላ ለምን አለ?"

አንዱ ከጥግ ሳቁን በሳል ሸፈነው። አቶ ወንድይራድ፣ አራት ክፍል ተማረችና ልትቀድስልን ነው አሉ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ "ዺሲ፣ ልጄ" አለችኝ፤ ተዪው ማለቷ ነው። አልተውኩም። ወደ ቄሱ፣ ወደ አባ ተክሌ ዞርኩ።

"አባ፣ እናቴን ያጠመቋት አንቱ አይደሉም? ያን ቀን ክርስትናሽ ከወንዶቹ ያንሳል ብለዋታል?"

አባ ተክሌ መስቀላቸውን አገላብጠው ማየት ጀመሩ። በዚህ መሀል ወንድሜ "እማ፣ ሽንቴ መጣ" ብሎ አለቀሰ። እናቴ አውርዳ ወደ ደጅ ወሰደችው። ሲመለሱ በርጩማው ባዶውን ነው። እናቴ ትንሽ አየችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ የማንንም ፊት ሳታይ ተቀመጠች፣ ልጁን ጭኗ ላይ አደረገችው። ጽዋዋን ሰጠኋት። እሷ ለአባ ተክሌ ዘረጋችላቸው። ተቀበሏትና ተነሥተው ጸሎቱን ጀመሩ።

ዳቦው ተቆርሶ ካበቃ በኋላ ሰዉ ባዶ ዋንጫ ይዞ ይተያይ ጀመር። የሚቀዳ የለም። እናቴ ተቀምጣለች፤ እኔም ከጎኗ ንቅንቅ አላልኩም። በመጨረሻ አቶ ወንድይራድ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው እንስራውን አዘነበሉት። ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ።

አቶ ወንድይራድ ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ ጠብቄ፣ ሴት እንዳትቀመጥ መከልከላችሁ ለምን ነበር አልኳቸው። ሥርዓት ነው አሉ። የትኛው መጽሐፍ ላይ ተጻፈ ብላቸው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ እናቴን ከቦታዋ ያስነሣት ሞት ብቻ ነው። ቦታዋን እኔ ወረስኩ፤ አቶ ወንድይራድ አርጅተው አልጋ ሲይዙም የማኅበሩን ዳቦ የማደርስላቸው እኔ ሆንኩ።

ባለፈው ወር ማንቆርቆሪያውን ከልጅ ልጄ እጅ ወስጄ ለባሏ ሰጠሁት። ደግ ልጅ ነው፣ እየሳቀ ተነሣ። እሷ ስትቀመጥ ግን ወንበሩ የሰው ይመስል ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ እንደዚያ ስትቀመጥ ማየቱ ከመቆሟ ይልቅ አናደደኝ። ታሪኩን ስነግራቸው ባሏ እየቀዳ፣ ለመሆኑ ያኔ ለምን ነበር የከለከሏቸው አለኝ።

አቶ ወንድይራድን እኔም አንድ ቀን ዳቦውን ቆርሼላቸው ያንኑ ደግሜ ጠይቄያቸው ነበር። ፍርፋሪውን ከጋቢያቸው ላይ አራገፉና፣

"መጽሐፍ ላይ የለም፣ ልጄ" አሉኝ። "እናንተ ከተቀመጣችሁ ማን ይቀዳልናል ብለን ነው።"