ስድስት ያልኩበት ቅዳሜ

ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሸዋ ሮቢት ያመጣው ሕንዳዊው የሒሳብ መምህር ነው። ጨዋታው ሁለት ለሁለት ነው። ካርታ ከመውረዱ በፊት ከአሥራ ሦስቱ ዙር ስንቱን እንደምትበላ ቃል ትገባለህ፤ አሥራ ሁለቱን ወይም ሁሉንም ካልክ ስላም ይባላል። ሰውየው ኮንትራቱ አልቆ ሲሄድ ወንበሩ ባዶ ቀረ፤ እኔም ፈለግሁት። ቆሜ ሳይ ከርሜ ከተቀመጡት በላይ አውቀው ነበር። በደርግ ጊዜ ሴት መምህርት ሰልፍ ላይ ከፊት ትሰለፋለች፤ ካርታ ላይ ግን የሚጠራት የለም። ተጫዋቾቹን ስነዘንዛቸው ጊዜ፣ "አንድ ቅዳሜ ትሞክር፤ ካበላሸች ወንበሩ ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ይሰጣል" አሉ።

ቅዳሜ የውይይት ክበቡ ሲበተን ጠረጴዛውን ከአዳራሹ ሙቀት አውጥተን ዛፍ ሥር አስቀመጥነው። አጋሬ የጤና ጣቢያው መድኃኒት አዳይ ነበሩ፤ የአልዩ አምባ ሰው፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። ባላጋራዎቻችን ሁለት የእርሻ ባለሙያዎች ናቸው።

ጋሼ "አንድ ስፔድ" ብለው ከፈቱ። ጥሪ የሚቆጥረው ከስድስት ዙር በላይ ያለውን ነው፤ አብሮ የተጠራው የካርታ ዓይነትም ሌሎቹን ዓይነቶች ሁሉ ይበላል። ባለመነጽሩ ባለሙያ ደረቱን ነፍቶ "ሁለት ኸርት" አለ። እኔ ስድስት ስፔድ፣ ስድስት ዳይመንድ ከነኤሱ ከነንጉሡ ከነንግሥቲቱ፣ አንዲት ፍላወር ይዣለሁ፤ ኸርት የሚባል እጄ ላይ የለም። የትልልቅ ካርታ ነጥብ ብቻ ለሚቆጥር ሰው ተራ እጅ ነው። "ሦስት ዳይመንድ" አልኩ። ጋሼ "ሦስት ስፔድ" አሉ፤ ሊሉት ከሚችሉት ሁሉ ትንሹ ይኼ ነበር።

ሕንዳዊው መምህር፣ "አጋርህ ትንሹን ከተናገረ እጁ ደካማ ነው፤ አትግፋው" ብሎ አስተምሮናል። ጎበዝ ነበር፤ የይፋትን ሰው ግን ገበታ ላይ አላየውም። እዚህ እንግዳ ሳይጎርስ "በቃኝ" ይላል፤ የሚያምነው የለም። ጋሼም "አልሃምዱሊላህ፣ በቃኝ" ካሉ በኋላ ነው ገበታውን የሚያጸዱት። በዚሁ ይሉኝታ ስንት ስላም ሲያመልጣቸው አይቻለሁ።

ደንቡ በሚፈቅደው ጥሪ ስንት ኤስ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። ሁለት አሉኝ። የኸርቱ ኤስ ደረቱን የነፋው ሰውዬ ጋ መሆኑ አያጠራጥርም፤ እንግዲያው የጋሼ ሁለቱ የስፔድና የፍላወር ናቸው። የምናጣው አንድም ዙር አልታየኝም።

"ስድስት ስፔድ" አልኩ። አሥራ ሁለት ዙር ማለት ነው።

ባለመነጽሩ ሳቀና የኸርቱን ኤስ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። ስፔድን አስቀድመው የጠሩት ጋሼ ስለሆኑ በደንቡ ካርታዬን ሁሉ ገልጬ ዘረጋሁት፤ ከዚህ በኋላ ከእኛ ወገን የሚጫወቱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ካርታዬን ትንሽ አዩትና ኤሱን በትንሿ ስፔዴ በሉት። የቀረውንም አንድ በአንድ ለቀሙት። አሥራ ሦስቱም የእኛ ሆነ።

ጋሼ ግን አልሳቁም።

"አንቺ ልጅ፣ ሰባቱ አልታየሽም?"

"ታይቶኛል።"

"ታዲያስ?"

"አንቱ ሦስት ብለው ሳለ ሰባት ማለት ድፍረት መሰለኝ።"

"ወላሂ፣ ለእኔ ብለሽ ያየሽውን አትቀንሺ" አሉ።

አፈርኩ። በሰው ይሉኝታ ስስቅ ከርሜ በራሴው ተያዝኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባት አልኩ፤ አንድ ዙር ጎደለንና ወደቅን። የጸሐፊውን ስም ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ጋሼም ካርታውን በውዘው፣ አጠገባቸው ያለውን ዘለው፣ መጀመሪያ ለእኔ አደሉ።