አልመጡም ያልኳቸው ወፎች

ባለፈው ቅዳሜ መቱ ገበያ አንዲት ሴት ጥሬ ሰም በቆርቆሮ ይዛ ተቀምጣለች። ባጃጆቹ ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ፤ እኔ አጠገቧ ተገትሬ አሸታለሁ። "ትገዣለሽ ወይስ ስታሸቺ ልትውዪ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰም ሲሸተኝ የአባቴ ጓሮ ትዝ ይለኛል። ለአባቴ መንገር የነበረብኝን ነገር ነው አሁን ለእናንተ የምነግራችሁ፤ እሱ ዛሬ የለም።

አባቴ በሰፈራ ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው የስፌት መኪናውን ተወና ንብ ያዘ። ባጃጅ ገና ወደ መቱ ባልገባበት ዘመን ነው። ከጓሮ ሰባት ቀፎ ደርድሮ፣ ጆሮውን በየተራ እየለጠፈ፣ "ይሄኛው ርቦታል፤ ያኛው ሞልቷል" ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። በሱ ጆሮና በኔ ዓይን ነበር የምንኖረው።

የዓይኔ ሥራ የሚጀምረው ከመስቀል በኋላ ነው። ዝናቡ ገና ጠቅልሎ ሳይወጣ፣ ጎረቤቶቻችን ሲምቢራ ካኒሳ፣ የንብ ወፍ የሚሏቸው ወፎች ከሩቅ አገር ይመጣሉ። ጉሮሯቸው ቢጫ፣ ሆዳቸው ሰማያዊ ነው። በአስፋልቱ ዳር በመብራት ሽቦ ላይ ተደርድረው፣ ንብ ከአየር እየቀለቡ፣ ሽቦው ላይ እየፈጠፈጡ ይበላሉ። እነሱ ካሉ ንብ ፈርቶ ከቀፎ አይወጣም። ሁለት ሳምንት ሰንብተው ደግሞ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። እኔ መምጣታቸውን ስነግረው አባቴ ጭስ ያጨሳል፤ የሰፈሩን ጎረምሶችም ወንጭፍ አስይዞ ያሰማራል።

አንድ ዓመት ድንጋይ ያገኛትን አንዷን ከመሬት አነሳሁ። መዳፌ ላይ ገና ትሞቅ ነበር። የባዮሎጂ መምህራችን ባሕር አቋርጠው እንደሚመጡ ነግሮን ነበርና፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ እኛ ደጅ መሞቷ አንገበገበኝ።

በዓመቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አየኋቸው። ከትምህርት ቤቱ አጥር እስከ በራችን አርባ ሦስት ቆጥሬ በደብተሬ ጀርባ ጻፍኩ። አባቴ በረንዳው ላይ አንገቱን አቅንቶ ተቀምጧል።

"መጡ እንዴ?"

"አልመጡም።"

"ደህና አድርገሽ አየሽ?"

"ወላሂ አልመጡም።"

ለአንድ ቀን ብዬ ነበር። በማግስቱም ጠየቀኝ፤ በማግስቱም ዋሸሁ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ግን እያደር ከበደኝ። ጠዋት ጠዋት አንጋጥጬ እቆጥራቸዋለሁ፤ ምን ልበላችሁ፣ ያምሩ ነበር፤ ደስታዬን ዛሬም አልክደውም። ማታ ገብቼ "የሉም" እላለሁ። አባቴ ጎረቤት እንዳይጠይቅ ኩሩ ነው። ለሌላው ሰው ደግሞ ወፍ ያው ወፍ ነው።

ወፎቹ በሄዱ ሰሞን አባቴ ጆሮውን ከቀፎ ወደ ቀፎ እያዛወረ ጓሮ ብዙ ቆየ። ንቦቹ ተርበው አምስቱን ቀፎ ጥለው ኮብልለዋል። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ የቀሩትን ቀፎዎች እንዲወስድለት ከያዮ አንድ ማር ነጋዴ አስጠራ። ሰውዬው ቀፎዎቹን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

"ጋሼ፣ ለአንድ ክፉ ዓመት ብለው ንብ ይተዋሉ እንዴ? ዘንድሮ ወፉ እኛንም ጎድቶናል።"

"እዚህ ወፍ አልመጣም።"

"እንዴት አይመጣም? መቱን ዘሎ ነው እኛ ጋ የደረሰው?"

"አልመጣም አልኩህ። ልጄ በየቀኑ አይታልኛለች።" አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔማ ጠዋት ማታ ሲንጫጩ ስሰማ ከረምኩ። እሷ ሰማዩ ባዶ ነው ትለኛለች። ዓይኔ ቢሄድ ጆሮዬ አለ እያልኩ ነበር። ጆሮው የከዳው ሰው ምን ንብ ይጠብቃል?"

በዚያ ሰሞን "አሁን ያለፈው ሚኒባስ ነው?"፣ "አዛን አለ ወይስ መሰለኝ?" እያለ ይጠይቀኝ የነበረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጆሮውን እየፈተነ ነበር። አባቴ ያን ሁሉ ቀን ብቻውን ሲፈራ ነው የከረመው።

ነጋዴው ዞሮ ከኋላቸው የቆምኩትን እኔን አየኝ። ነቅቶብኛል፤ ግን ዓይኑን ወደ ቀፎዎቹ መለሰ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ።

"ውሃ ላምጣላችሁ?" አልኩ።

አባቴ ፊቱን ወደ ድምፄ መለሰ። "ቀረብ ብለሽ ተናገሪ ልጄ" አለኝ። "ከእንግዲህ አንቺን እንጂ ጆሮዬን አላምነውም።"

ቀረብ ብዬ ስለ ውሃው ደገምኩለት።