የእንቅልፋችን ግራፍ

በኮሮናው የሰዓት እላፊ ወቅት አረብ አገር፣ አብዱን በሚባል የሀብታሞች ሰፈር ባለ ቪላ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ቤት ዋለ፤ ሳህኑም፣ ልብሱም፣ ጥሪውም በዛ። ከምሳ በኋላ ጋደም የምልባት፣ ግጥም የምሞነጫጭርባት ጊዜዬ ተወሰደች። ከማዳም ልጅ ጋር የተስማማሁት ያቺን ጊዜዬን ለማስመለስ ስል ነው።

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። የመመረቂያ ጥናቷ ስለ ቤት ሠራተኞች እንቅልፍ ነበር። «የጓደኞችሽን መልስ አምጪልኝ፣ እኔ ደግሞ የእረፍትሽን ነገር ማማን አስፈቅድልሻለሁ» አለችኝ። ከአገሬ ልጆች ጋር ባለን የስልክ ቡድን ላይ ጠየቅኩ፤ ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ፣ ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ? ከኡም ሱማቅ ሰፈርም ከስዌይለህ ሰፈርም ቁጥሩ ጎረፈ። እንዳለ አስተላለፍኩላት። የእኔን ግን ራሷ በአረብኛ ጠይቃኝ መዘገበች።

አንድ ጠዋት ሻይ ሳቀርብላት ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው። ሶፍትዌሩ ኮድ ለማያውቅ ሰው የተሠራ ነው፤ ቁጥሩን ሠንጠረዥ ላይ ሞልተሽ አንድ ቁልፍ ስትጫኚ ግራፍ ይሥልልሻል።

«ኦፕን ሶርስ ነው፣ ነፃ። ውስጡን ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል» አለች፣ ራሷ የሠራችው ይመስል። እኔ የእናቷን ፍሪጅ እንኳ ሳላስፈቅድ አልከፍትም።

ብዙ የሚተኛ ከላይ፣ ጥቂት የሚተኛ ከታች ነው። ነጥቦቹ ከላይ ተሰብስበዋል። አንዲት ብቻዋን ታች ወድቃለች።

«ይቺ አንቺ ነሽ። ከሌሎቹ በጣም ርቀሻል፤ ስህተት ትመስያለሽ። ላጥፋሽ?»

ማዳም ለካ ከኋላችን ቆማለች። «ዋላሂ! ፀሐይ ሳትጠልቅ ተኝተው እኩለ ቀን ሲቃረብ ይነሳሉ? ድመት እንኳ እንዲህ አትተኛም። አንቺ ደግሞ ደከመኝ እያልሽ ታለቃቅሺብኛለሽ!»

ያኔ ገባኝ። ሴቶቹ የጻፉት በእኛ ሰዓት ነው። እርስ በርስ ስናወራ ማናችንም በማዳሞቻችን ሰዓት አንቆጥርም።

«ማዳም፣ እኛ ሌሊቱን የምንቆጥረው ከምሽት ጀምረን ነው። ስድስት ያሉት እኩለ ሌሊት ነው፣ አስራ አንድ ያሉት ደግሞ ንጋት።»

«ሰዓትም የራሳችሁ አላችሁ?» ብላ ሳቀች።

ልጅቷ አልሳቀችም፤ አላፈረችምም። ሰዓቱን በአንድ ቀመር አስተካከለችው፣ ግራፉም ራሱን በራሱ እንደገና ሣለ። ነጥቦቹ ሁሉ ወርደው አጠገቤ ተኮለኮሉ።

የማዳም ሳቅ ቆመ። «የእኛዋ የትኛዋ ናት?»

ልጇ በጣቷ አሳየቻት።

«አጥፊያት። አስተማሪሽ ቤታችንን ያውቃል፤ ምን ይለናል!»

ልጅቷ ቅድም ስህተት ብላ ልታጠፋኝ ነበር፤ አሁን ትክክል መሆኔን አውቃ አጠፋችኝ። ግራፉ ላይ የሁላችንን አማካይ የሚያሳየው መስመር ንቅንቅ አላለም።

ማዳም ስትወጣ ልጅቷን «የእረፍቴስ ነገር?» አልኳት።

«ሌላ ጊዜ። አሁን ተናዳለች» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

የዚያን ዕለት የምሳውን ዕቃ ሳላጥብ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ወዳለችው ክፍሌ ገብቼ ቆለፍኩ። ማዳም «ያ ቢንት! አንቺ ልጅ፣ ውጪ!» እያለች በሩን ደበደበችው። ፍራሼ ላይ ጋደም አልኩ። ቀጥሎ የልጅቷን ድምፅ ሰማሁ።

«ተያት ማማ! የሚቀሩትን መልሶች የምታመጣልኝ እሷ ናት።»

ድብደባው ቆመ። የተዉኝ ለዚያ ብለው እንደሆነ እያወቅኩ ተኛሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም መልስ አላመጣሁላትም።