ጊደሪቱ ተሽጣ የተገዛችው ግራፊክስ ካርድ

ላሊበላ ውስጥ ሬዲዮ የፈታ ሰው ሞልቷል። ፈትቶ፣ ገጥሞ፣ መልሶ ያስጮኸ ግን እኔ ነኝ። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ይበል፤ የሠራሁበት ጉራ ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት ፊደል እስክለይ ብቻ ነበር። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ዳር ዳሩን አይጥ የበላው መዝገበ ቃላት ነው። ኤሌክትሪክን ያስተማረኝ ራሱ ኤሌክትሪክ ነው፤ ጣቴን እየመታ። በደርግ ጊዜ የወታደር ሬዲዮ ጠግኛለሁ። መንግሥት ተለውጦ ቱሪስቱ መጉረፍ ሲጀምር፣ የሆቴሎቹ ጄኔሬተር አልነሳ ባለ ቁጥር የሚላክብኝ ሰው እቤቴ ደጃፍ ይቆም ነበር። ቴሌቪዥን ሲመጣ ቴሌቪዥን፣ ዲሽ ሲመጣ ዲሽ፣ ሞባይል ሲመጣ ሞባይል ከፈትሁ። ኮምፒውተር ሲመጣ ፀጉሬ ሸብቶ ነበርና ሰዎች፣ «እንግዲህ ይኼስ የልጆች ነው፤ ይተዉት» አሉኝ። ካቻቢቴዬን አንስቼ እሱንም ከፈትሁት።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የምተርከውን የሚያነብ ሰው ነገሩ በማን እጅ እንደነበረ እንዲያውቅ ነው።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመት በኋላ ታናሽ እህቴ ባሏ ሞተባት። ለቱሪስት በቅሎ የሚያከራይ ደህና ሰው ነበር፤ ከገበያው በታች፣ መንገድ ዳር፣ ባለሁለት ክፍል ቤት ሠርቶላት ነው የሞተ። በተዝካሩ ማግስት የባሏ ታላቅ ወንድም፣ የብልባላ ገበሬ፣ እኔንና እሷን አስቀምጦ የልቡን ተናገረ።

«ሴት ብቻዋን ከተማ አትቀመጥም። ቤቱ ይከራይ፤ አንቺ ብልባላ ግቢና ከእኛ ጋር ኑሪ። ከምንበላው ትበያለሽ።»

«እንደማታስርቡኝ አውቃለሁ፣ አያ» አለችው። «ግን በዚህ ዕድሜዬ በሰው ምድጃ ላይ ድስት መጣድ አልችልም።»

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። በአገሩ ደንብ ያሰበላት ደግ ነገር ነው። እህቴ ግን ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ስለዚህ እኔ ጣልቃ ገባሁና፣ «እስከ ገና ጊዜ ስጣት፤ ራሷን ትችላለች» አልሁት።

«በምን?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

«እሺ፤ እስከ ገና» አለ። «ካልቻለች አህዮቼን ይዤ እመጣለሁ፤ ዕቃዋን ጭነን እንሄዳለን።»

የጌም ቤቱ ሐሳብ የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው የእኔ ነው ቢላችሁ አትመኑት። ከአንድ ሆቴል የተወገደ የቢሮ ኮምፒውተር ገዛንና አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ፈልጌ ገጠምሁበት። ግራፊክስ ካርድ ለማያውቅ ሰው፣ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚሰካ፣ ሥዕሉን የሚሥል ሰሌዳ ነው። ያለ እሱ ኮምፒውተር ደብዳቤ ይጽፋል እንጂ ኳስ አያጫውትም። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ስክሪን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አስቀመጥን፤ ከሳምንት በኋላ ወንበሩ ላይ መቀመጫ ጠፋ። እህቴ ተራ ታስይዛለች፣ ጠብ ትገላግላለች፣ ሂሳብ ትቀበላለች። ሳቋ መንገድ ላይ ይሰማ ጀመር።

ኅዳር ገብቶ ብርዱ ሲጠና ማሽኑ መታመም ጀመረ። ቀን እንደ ልቡ ይሠራል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ድንገት ድርግም ይላል። አንድ ምሽት ስክሪኑ ላይ እንደ ጥልፍ ያለ መስመር ተዘረጋና በዚያው ቀረ። በማግስቱ ስከፍተው ካርዱ ተቃጥሎ ሞቷል።

እኔ ዳገቱን በጨለማ መውጣት ስለማልወድ ፀሐይ ሳለች ነው ቤቴ የምገባ። ስለዚህ ነገሩን ያጠናሁት በዕውቀት ነው። የእኔና የእሷ ቤት መብራት መስመሩ አንድ ነው። ቴስተሬን ሰክቼ ጠዋት ለካሁ፣ ምሽትም ለካሁ። ሆቴሎቹ ሁሉ አምፖላቸውን ሲያበሩ መብራቱ ዳገት እንደወጣ ሽማግሌ ይደክማል። ማሽኑስ የሚታመመው መቼ ነው? ምሽት! ከዚያ ፓወር ሳፕላዩን፣ ማለት ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ አውጥቼ በመዳፌ መዘንሁት። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትልቅ ነው፤ ክብደቱ ግን የባዶ ቆርቆሮ ነው። መዳብ ያነሰው ፓወር ሳፕላይ ጽሑፉ ይዋሻል፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ እጄ ነው የነገረኝ። እንግዲህ አዲሱ ካርድ ትንሽ መብራት የሚበላ መሆን አለበት አልሁ።

እህቴ ለክፉ ቀን ያስቀመጠቻት አንዲት ጊደር ነበረቻት። ሸጠቻትና ብሩን በመሀረብ ቋጥራ ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ ከዚህ ሌላ የለኝም። ገና ደግሞ ደረሰ። እንግዲህ ቢሳሳቱ…»

«ማን? እኔ?»

«አይ፤ እርስዎማ አይሳሳቱም» አለች። ዓይኗ ግን መሀረቡ ላይ ነበር።

ከመሄዴ በፊት የኮምፒውተሩን ሆድ በሰሌን ስንጥር ለክቼ ስንጥሯን ኪሴ ከተትሁ። አስጎብኚዎቹ ከሚጠቀሙበት ኢንተርኔት ቤት ስለ ካርድ የተጻፈ ወረቀት አሳትሜ፣ አውቶቡስ ውስጥ መዝገበ ቃላቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እያነበብሁ አዲስ አበባ ገባሁ።

መርካቶ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥ አንድ ጎረምሳ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ነጠላዬን፣ ከዘራዬን፣ አቧራ የጠጣ ጫማዬን።

«አባባ፣ ለልጅ ልጅዎ ነው?»

«ለእህቴ።»

«እህትዎ ጌም ይጫወታሉ?» አለና ለጎረቤቱ ሻጭ ጠቀሰው።

«ታጫውታለች። አንተ ካርዱን አምጣ።»

ሦስት ካርድ መስተዋቱ ላይ ደረደረ። የመጀመሪያው ጡብ የሚያህል፣ ሁለት ማራገቢያ ያለው ነው። «ይኼ አውሬ ነው! ያላደቀቀው ጌም የለም» አለኝ።

«ምን ይበላል?»

«እ?»

«አውሬ ከሆነ ይበላል። መብራት ምን ያህል ይበላል?»

ገለበጥሁት። ጭራው ላይ ተጨማሪ የኃይል መሰኪያ አለው፤ የእህቴ ፓወር ሳፕላይ ይህን ሊመግብ አይችልም። የሰሌን ስንጥሬን ባስጠጋሁበት ጊዜም ካርዱ አለፋት። ጎረምሳው ሳቁን ዋጠ።

«እንግዲያው ይኼን ይውሰዱ» ብሎ ሁለተኛውን ገፋልኝ። «ሁለት ጊጋ ነው። ያኛው ትንሹ አንድ ጊጋ ነው። ዋጋቸው አንድ። ሁለት ከአንድ ይበልጣል፣ አይደል አባባ?»

«ጎተራ ታውቃለህ?»

«ኧረ እኔ የከተማ ልጅ ነኝ።»

«ጎተራ ቢሰፋ አፉ ከጠበበ እህሉ በጊዜ አይወጣም፤ እንግዳ ተቀምጦ ይጠብቃል። የዚህ የሁለት ጊጋህ አፉ ጠባብ ነው። የዚያ የአንድ ጊጋው አፍ እጥፍ ይሰፋል፤ ሥዕሉን ቶሎ ቶሎ ያወጣል። ካርቶኑን ገልብጠህ አንብበው።»

ገልብጦ አነበበ። ጎረቤቱም ተጠግቶ አነበበ።

«ይህን ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ለዚህ ነው የማውቀው።»

ሦስተኛውን ሰክቶ የኳስ ጌም እንዲያጫውትልኝ አደረግሁ። እሱ ሲጫወት እኔ መዳፌን ወደ ካርዱ አስጠግቼ ቆየሁ። እንደ ሻይ ብርጭቆ ሞቀ እንጂ አልፈጀኝም። ጭራው ላይ መሰኪያ የለውም፤ ከስንጥሬም ያጥራል። ዋጋ ተከራክረን ተስማማን። በስተመጨረሻ ጎረምሳው ሻይ አዘዘልኝና እንደ ሕዝብ ቆጣሪ ጥያቄ ያዥጎደጉድብኝ ጀመር፤ መለስሁለት።

ስመለስ ካርዱን በነጠላ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዤው ነው የመጣሁ። ጋሸና መኪና ስቀይር አንድ የጭነት ረዳት፣ «አባቴ፣ የታቀፉት ሕፃን ነው?» አለኝ።

«ከሕፃን ይብሳል» አልሁት።

ካርዱን ገጥሜ፣ ለደከመ መብራት ምርኩዝ የሚሆን ስታብላይዘር የሚባል ሳጥንም ተውሼ ባበራሁት ጊዜ፣ ያ ሁሉ ተጫዋች ከወንበሩ ተነሳ። ኳስ ሜዳው ላይ ሣሩ አንድ በአንድ ይታያል። ከተጫዋቾቹ ሁሉ የሚልቀው የሰፈራችን ዲያቆን ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ፣ «በላስታ በክረምት እንኳ እንዲህ ያለ ሣር አይበቅልም!» አለ። እህቴ ጀርባዬን ሁለቴ መታችኝ። ከዚህ በላይ ምስጋና አታውቅም።

የገና ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሞላ። የባሏ ወንድምም እንደ ቃሉ መጣ፤ ሁለት አህዮች በሩ ላይ አስሮ ገባ። እኔ የሠራሁትን ዓይኑ እያየ እንዲያምን ፈልጌ፣ ያን ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቴ አልሄድሁም። ክፍሉ ጢም ብሏል። ከደሴና ከአዲስ አበባ ለበዓል የተመለሱ ወጣቶች ተራ ይዘዋል። ሰውዬው ጥጉን ይዞ ቆሞ ያያል።

«እኒህ ሁሉ ሊከፍሉ ነው?» አለኝ በጆሮዬ።

«ሊከፍሉ ነው።»

«ለዚህ?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ስክሪኑ ድርግም አለ።

ጩኸት ሆነ። አንዱ ሊያገባ ተቃርቦ ነበርና ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ። እህቴ ወደ እኔ አየች፤ ያን ፊቷን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በተዝካሩ ማግስት ነበር። የባሏ ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጊደሪቱ እግሯ ቢሰበር እንኳ ታርዳ ሥጋዋ ይበላ ነበር፣ አማቼ» አለኝ።

ቴስተሬን አወጣሁ። መብራቱ ደክሟል፤ ስታብላይዘሩ ግን ይዞታል። ወደ ማሽኑ የሚገባው ኃይል ደህና ነው። ያ ስንት ቀን የለካሁት፣ አዲስ አበባ ድረስ ይዤው የሄድሁት ምክንያት እጄ ላይ ፈረሰ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ጠረጴዛው ሥር እጄን ሰደድሁ። ብረት ፈልጌ ጨርቅ ጨበጥሁ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጋቢ ነዋ» አለች እህቴ።

«ጋቢ መሆኑንማ ዳስሼዋለሁ! ኮምፒውተሩን ጋቢ ማን አለበሰው?»

«እኔ ነኛ! ጋሼ፣ ብርድ መትቶት እኮ ነው የሚታመም። ሲመሽ በበሩ ሥር የሚገባውን ንፋስ እርስዎ አያውቁትም። ኅዳር ላይ ማንኮራፋት ሲጀምር ነጠላ ጣል አደረግሁበት። አልሻለው ሲል ጋቢውን ደረብሁለት። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ አነሳለታለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። ማንኮራፋቱ የማራገቢያው ድምፅ ነው፤ ትኩስ አየር አውጥቶ ቀዝቃዛ ሊያስገባ የሚታገልበት። እሷ አፍንጫውን ይዛ ታስታምመው ነበር። አሮጌው ካርድ የሞተው በመብራት አልነበረም፤ ታፍኖ ነው።

ጋቢውን ጎትቼ አወጣሁት። ያን ጊዜ የባሏ ወንድም እጁን ዘርግቶ ጥለቱን ያዘ።

«ይኼ የእሱ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናታችን የፈተለችው።»

«የእሱ ነው» አለች። «የሚሞቅ ሌላ ነገር የለኝም። ይኼ ሳጥን ከሞተ እሄዳለሁ ብዬ…»

ሳቁ ቆመ። በሩን አስከፈትሁ፤ የላስታ ንፋስ ገባ፤ ማሽኑ እስኪበርድ ቆየን። ከወጣቶቹ አንድም የሄደ የለም። ቁልፉን ስጫን ማራገቢያው ተነሳ፣ ስክሪኑ በራ፣ ያ አረንጓዴ ሣር ተመለሰ። ካርዱ አልተነካም። ሙቀቱ ሲበዛበት ራሱን አጥፍቶ ጠብቋል።

ሰውዬው ጋቢውን አራግፎ በእህቴ ትከሻ ላይ ደረበላት። «ብርድ የሚመታሽ አንቺ ነሽ፤ እሱ ብረት ነው» አላት። ከዚያ ወደ ተጫዋቾቹ ዞሮ፣ «ተራ የሚይዘው በየት በኩል ነው?» አለ። ዲያቆኑ አጫወተውና ያለ ርኅራኄ አሸነፈው። ከበዓሉ በኋላ አህዮቹ ብልባላ የገቡት ባዷቸውን ነው።

በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። ካርዱን የመረጥሁት መብራቱን ፈርቼ ነው፤ የፈተነው ግን ጋቢ ነው። ትንሽ የሚበላ ትንሽ ይሞቃልና ሁለቱንም ቻለ። ያ አውሬ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጋቢ ውስጥ ሌላ ጊደር ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ምክንያቴ ሌላ ቢሆንም ምርጫዬ ልክ ነበር፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። ማሽኑን በቴስተር ስጠይቀው ከርሜ እህቴን አንድ ቃል አለመጠየቄ ግን ይገርመኛል። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ዕቃ ሲመጣልኝ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ባለቤቱን፣ «ማታ ማታ ምን ታደርጉታላችሁ?» እላለሁ። የምሰማው መልስ ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል።

እንግዲህ በዚያ ገና የሠራሁትን ልቁጠር፤ እኔ ካልቆጠርሁት የሚቆጥርልኝ የለም።

በአንዲት ጊደር ዋጋ፣ ከሦስት ካርድ ትክክለኛውን መርጫለሁ።

መርካቶ ላይ ኮምፒውተር የሚሸጥ ጎረምሳ ስለ ጎተራ አስተምሬያለሁ።

ካርዱን ያን ሁሉ መንገድ ጭረት ሳይነካው አድርሻለሁ።

ላሊበላ ውስጥ ሣሩ የሚታይ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳይቻለሁ፤ ከእኔ በፊት አሳየሁ የሚል ካለ ይምጣ።

ኮምፒውተር ጋቢ አስወልቄያለሁ። ይህን እንኳ በዓለም ላይ ሌላ ሰው የሠራው አይመስለኝም።

የብልባላን ገበሬ ጆይስቲክ አስጨብጫለሁ።

እህቴም ከገበያው በታች እዚያው ቤቷ ቀርታለች፤ ድስቷን የምትጥደው በራሷ ምድጃ ላይ ነው።