የአሳሹ ሚስት ካርቶኖች

ኦክላንድ፣ ተራራው ላይ፣ አንዲት አሮጊት እንከባከብ ነበር። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ የላትም። ያላት ሳን ሆዜ የሚኖር፣ ዓይኑን ማየት የማትፈልገው ወንድሟና መኝታ ቤቷን የሞላው የወረቀት ካርቶን ነው። ወረቀቱ የቅድመ አያቷ ነው። ሰውየው በቪክቶሪያ ዘመን አፍሪካን ሲያስስ የኖረ እንግሊዛዊ ነበር፤ እኛም አገር ደርሷል። ሚስቱ አብራው በበቅሎ ተጉዛለች፤ የእሷም ደብዳቤና ሥዕል እዚያው ተቀምጧል።

ምሳዋን ሳበላት የሰውየውን ማስታወሻ ታነብልኛለች። ሕዝቡ ሌባ ነው፣ ሰነፍ ነው የሚለው ቦታ ስትደርስ ቀና ብላ ፊቴን ታያለች። የሚቀጥለውን ጉርሻ አቀርብላታለሁ።

ሚስትየዋን ትጠላታለች። "የውሃ ቀጂ ወሬ ስትለቃቅም የእሱን ክብር አወረደችው" ትላለች። እኔ ግን ሥዕሎቿን አይቻለሁ። ወንዝ ዳር የምታጥብ ሴት ሥላ፣ ከሥሯ የአጣቢዋን ስም ጽፋለች። ባልየው፣ በተነበበልኝ ሁሉ፣ ከእኛ ሰው አንዱንም በስሙ ሲጠራ አልሰማሁም።

ፓሎ አልቶ ያለ ቤተ መጻሕፍት የሰውየውን ወረቀት ሊረከብ ተስማማ። ያን ጊዜ ጠራችኝና፣

"የሚስትየዋን ካርቶኖች ሪሳይክል ገንዳው ውስጥ ጨምሪልኝ" አለችኝ።

"አልጥልም።"

"ምን አልሽ?"

"እኔ የተቀጠርኩት እርስዎን ለመንከባከብ ነው። እሱን ሌላ ሰው ያድርግልዎ።"

ስልኳን አንስታ ለወንድሟ ደወለች። እዚያው ፊቷ ቆሜ እየሰማኋት፣ "ይህቺ ሴት ወረቀት እየሰረቀችኝ ነው" አለችው።

ከሳን ሆዜ እየነዳ መጣ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ "ቦርሳሽን ክፈቺ" አለኝ። ከፈትኩለት። የምሳ ዕቃዬን፣ ነጠላዬን፣ የባቡር ካርዴን አንድ በአንድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ወረቀት የለም።

"ካርቶኖቹ መኝታ ቤት ናቸው" አልኩት። "የሚስትየዋን ጣይ ስትለኝ እምቢ ስላልኩ ነው።"

ወደ እህቱ ዞረ። "ልታስጥያቸው ነበር?"

"የኔ ናቸው" አለች።

"የሁለታችንም ናቸው።"

የሚስትየዋን ካርቶኖች እየተሸከመ መኪናው ውስጥ ጫናቸው። ደብዳቤዎቹ አሳዝነውት አይመስለኝም፤ አንዱንም ገልጦ አላየም። እሷ ከአልጋዋ ሆና ትሰድበዋለች፤ እሱ መልሶ ይሰድባታል። የመጨረሻውን ካርቶን ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ቆምኩበት።

"ይቅርታ ይጠይቁኝ።"

"ሥራሽን ሥሪ" አለኝና ገፋ አድርጎኝ አለፈ።

ዕቃዬን ለቅሜ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩ። ወደ ቀጠረኝ ኤጀንሲ ደውዬ ተተኪ እንዲልኩ ነገርኳቸው፤ ሰው እስኪመጣ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ከውስጥ ደጋግማ ጠራችኝ፤ መድኃኒቷን ሰጥቻት ተመልሼ ወጣሁ።

ከሳምንታት በኋላ ኤጀንሲው ደወለ። "ካንቺ ሌላ ሰው አልቀበልም ብላለች፤ ትመለሺላት?"

"ይቅርታ ጠይቃለች?"

"እሱን አላነሳችም።"

"እንግዲያው ሌላ ፈልጉላት" አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። አሁን ሳስበው እንኳ ልቤ አይራራላትም።